ለቤት መብራት የቱ ይሻላል፦ ስማርት ሶኬት፣ ስማርት ማብሪያ ወይስ ሪሌ? ለጎጃም ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

መብራትን በስልክ ለማብራት ወይም በሰዓት ራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ ለማድረግ ሦስት ዓይነት ዕቃ ገበያ ላይ አለ። የሦስቱም ሆድ ዕቃ ተመሳሳይ ነው፦ አንድ የዋይፋይ ሰሌዳና ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) የምትዘጋና የምትከፍት ሪሌ። ልዩነታቸው የሚገቡበት ቦታ ላይ ነው። ስማርት ሶኬት በግድግዳው ሶኬትና በመብራቱ ገመድ መካከል ይሰካል። ስማርት ማብሪያ ነባሩን ማብሪያ አስወጥቶ በቦታው ይቀመጣል። የሪሌ ሞጁል ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ናት፤ ከማብሪያው ጀርባ ወይም ጀንክሽን ቦክስ (ሽቦዎች የሚገናኙበት ሳጥን) ውስጥ ትደበቃለች፣ ማብሪያውም እንደነበረ ይቆያል።

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ ከሞጣ እስከ እንጅባራ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ቮልቴጁ ይዋዥቃል፤ ዳታም ይቋረጣል። ስለዚህ ምርጫው በአንድ ጥያቄ ይለይ፦ ስልክም ኢንተርኔትም በሌለበት ሰዓት ቤት ያሉት እናት ወይም ድንገት የመጣ እንግዳ ማብሪያውን ሲጫኑ አምፖሉ ይበራል? በዚህ መለኪያ ለኮርኒስ አምፖልና ለግቢ ፓውዛ ሪሌ ይቀድማል። ለጠረጴዛና ለቁም መብራት፣ ለተከራይም ጭምር፣ ስማርት ሶኬት ይበቃል። ስማርት ማብሪያ ሦስተኛ ምርጫ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እናየዋለን።

ከመግዛት በፊት አንድ ማብሪያ ፈታችሁ እዩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛና ቤቱ ሲደርስ አልገባ ይለዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት።

የመብራቱን ብሬከር አጥፉ፤ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ዋናውን። ከቆጣሪው ወደ ውጭ ያለውን ሽቦና ማኅተሙን ግን አትንኩ፤ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩ፣ ቀጥሎ የምትፈቱት ሽቦ ላይ፣ ከዚያ እንደገና ኃይል ያለበት ቦታ ላይ። ዋናውን ካጠፋችሁ ከማጥፋታችሁ በፊትና መልሳችሁ ካበራችሁ በኋላ ሞክሩት። ይህን የምንለው የቴስተር መብራት ሳይታወቅ ስለሚቃጠል ነው፤ የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ «ኃይል የለውም» ይላል።

የማብሪያውን ሁለት ብሎን ፈትታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሳቡት። በአብዛኛው ቤት ከቱቦው የሚወጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። አንዱ ከላይ የወረደው ፌዝ ነው፤ ሌላው ከማብሪያው ተነሥቶ ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ነው። ኒውትራል (ከፌዙ ጋር ዑደቱን የሚዘጋው ሁለተኛው ሽቦ) እዚያ የለም፤ ከጀንክሽን ቦክሱ በቀጥታ ወደ አምፖሉ አልፏል። በቀለም አትፍረዱ። ብዙ ቤት ውስጥ ሁለቱም ሽቦ ቀይ ነው፣ ወይም ሰማያዊው ፌዝ ሆኖ ይገኛል፤ ሲሠራ በእጅ የነበረው ጥቅል ነው የተዘረጋው። ሦስተኛ ሽቦ ካለ ኒውትራል መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጡ። ኃይል መልሳችሁ፣ የተራቆተ ሽቦ ሳትነኩ፣ መልቲሜትሩን ኤሲ 750 ላይ አድርጋችሁ በፌዙና በእሱ መካከል ለኩ፤ 220 አካባቢ ካሳየ ኒውትራል፣ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ወይም የሌላ አምፖል ተመላሽ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ኃይሉን አጥፍታችሁ ጀንክሽን ቦክሱ ድረስ ተከታተሉት።

ሁለተኛው የሚታየው የሳጥኑ ጥልቀት ነው። የሪሌ ሞጁል ስፋቷ ወደ 4 በ4 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ማብሪያው ራሱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽቦውም መታጠፊያ ይፈልጋል። ስለዚህ ከ4.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ያለው ሳጥን ውስጥ አታስጨንቋት። ሽቦው በግድግዳው ላይ በቀጥታ በተመታበት የጭቃ ቤት ደግሞ ማብሪያው እንጨት ላይ ተለጥፎ ነው የሚገኘው፤ ከጀርባው ምንም ሳጥን የለም። እዚያ ሪሌው የሚገባው ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ ነው፣ ከሌለም ፕላስቲክ ሳጥን ግድግዳው ላይ ይመታለታል።

ሦስተኛ፣ የሳጥኑን ቅርጽ ለኩ። ክብ፣ አራት ማዕዘንና ረዘም ያለ ጣሊያን ሠራሽ ዓይነት በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ተቀላቅሎ ይገኛል። ለስማርት ማብሪያ ይህ ወሳኝ ነው፤ ለሪሌ ቅርጹ ምንም አይደለም።

ሒሳቡ

ዋቱን ለ220 ስታካፍሉ አምፔር ታገኛላችሁ። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል 54 ዋት ነው፣ ሩብ አምፔር ገደማ። 100 ዋት ፓውዛ ግማሽ አምፔር አይሞላም። ታዲያ 10 አምፔር ሪሌ ለመብራት ከበቂ በላይ ይመስላል። ግን ኤልኢዲ ሲበራ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። ብዙ አምፖል ወይም ትላልቅ ፓውዛዎች በአንድ ሪሌ ላይ ከተደረደሩ ያ ምት የሪሌዋን ጥርሶች ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ «ጠፍቷል» ይላል፣ መብራቱ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ለኤልኢዲ ለብቻው የተጻፈውን ዋት ፈልጉ፤ ከትልቁ ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ካልተጻፈ ከትልቁ ቁጥር አንድ አሥረኛውን ብቻ ያዙ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር፦ የእንጀራ ምጣድን በስማርት ሶኬት አታስነሡ። 3500 ዋት ምጣድ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ነው፣ ያውም ለሰዓታት። «16 አምፔር» ተብሎ የተጻፈበት ሶኬትም በዚያ ጭነት ሊቀልጥ ይችላል።

ስለ ቁጠባም እውነቱ ይነገር። እያንዳንዱ ስማርት ዕቃ መብራቱ ጠፍቶም ወደ 1 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 24 ዋት ሰዓት ማለት ነው፤ 9 ዋት አምፖል 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲበራ የሚፈጀውን ያህል። ለአንዲት ትንሽ አምፖል ስማርት ዕቃ መግጠም ቆጣሪውን አይቀንስም። የሚጠቅመው ሳይጠፉ ለሚያድሩ የግቢ ፓውዛዎች፣ ሰው በሌለበት ቤት መብራት ለማብራትና ተነሥቶ ማብራት ለሚቸግረው ሰው ነው።

ስማርት ሶኬት

ሽቦ አይፈታበትም፤ ደብረ ማርቆስ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሲለቅ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። የምትገዙት ከግድግዳችሁ ሶኬት ጋር የሚገጥመውን ነው። ሁለት ክብ ሹል ያለው ወፍራሙ ዓይነት ጣሊያን ሠራሽ ሦስት ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ በመቀየሪያ ሲገባም ይላላል። የላላ ሶኬት ይሞቃል፣ የሞቀው ይበልጥ ይላላል። ከገጠማችሁ በኋላ መብራቱን አንድ ሰዓት አቆዩትና የእጃችሁን ጀርባ ሶኬቱ ላይ አድርጉ። ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ወይም የቀዳዳው ዙሪያ ወደ ቡናማ ከዞረ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ሶኬት ነው፤ እሱን ቀይሩ።

ማስታወስ ያለባችሁ የመብራቱ የራሱ ማብሪያ ሁልጊዜ በርቶ መቀመጥ እንዳለበት ነው። ልጆች ገመዱ ላይ ያለውን ካጠፉት ስልኩ ምንም አያደርግም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ሶኬቱ ጎን ላይ ያለችው ቁልፍ በእጅ ታበራለች፤ ከቁም ሣጥን ጀርባ አትደብቁት።

ስማርት ማብሪያ፣ ለምን ሦስተኛ ሆነ

መልኩ ያምራል፣ በተለይ ባለ መስታወቱ። ግን አብዛኛው ኒውትራል ይፈልጋል፣ የእኛ ሳጥን ደግሞ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። «ያለ ኒውትራል» የሚሠራውም ለራሱ የሚያስፈልገውን ኃይል በአምፖሉ በኩል በቀጭኑ ያሳልፋል። ያች ቅንጣት ኃይል 3 ወይም 5 ዋት ኤልኢዲን ጠፍቶ ሳለ ፈዝዞ እንዲበራ ወይም ሌሊቱን እንዲርገበገብ ታደርገዋለች። ለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር ትመጣለች፤ ቦታዋ አምፖሉ ጋ በፌዙና በኒውትራሉ መካከል ነው፣ ማብሪያው ጋ አይደለም። ትርፍ መስላቸው የሚጥሏት ብዙዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ሰሌዳው በቮልቴጅ ከተቃጠለ ማብሪያውም አብሮ ሞተ ማለት ነው፤ በእጅ የሚጫን ሜካኒካል ነገር ውስጡ የለም። የግድ ካስገባችሁ ነባሩን ማብሪያ ከነብሎኑ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሪሌ በጀንክሽን ቦክስ ውስጥ

ኒውትራል ማብሪያው ጋ ከሌለ ብዙዎች ግድግዳ መቆፈር ይጀምራሉ። አያስፈልግም። ጀንክሽን ቦክሱ ውስጥ አራቱም ሽቦዎች ይገኛሉ፦ ቋሚው ፌዝ፣ ኒውትራሉ፣ ከማብሪያው የሚመለሰውና ወደ አምፖሉ የሚሄደው። ሪሌው እዚያ ሲገባ ማብሪያው ላይ አንድ ብሎን አይነካም።

የሚያስፈልገው፦ ባለ አንድ መስመር የሪሌ ሞጁል፣ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግማሽ ሜትር፣ አራት ያህል ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ)፣ ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ጫፉ ቀጭን ካቻቢቴና የሚጮህ መልቲሜትር። ከታች ያለው አሠራር ሸሊ 1ን ለመሰለ፣ የማብሪያ መግቢያው 220 ቮልት ለሚቀበል ሞጁል ነው።

1. ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ናስትሮ ለጥፉበት። አምፖሉን ከፖርታላምፓዳው ንቀሉ።

2. ቦክሱን ክፈቱና መገጣጠሚያዎቹን ለዩ። ከአምፖሉ የሚመጣ አንድ ሽቦ ከዋናው ኒውትራል ጋር ታስሯል። ሌላው ከማብሪያው ተመላሽ ጋር ታስሯል። ይህን ሁለተኛውን መገጣጠሚያ ፍቱት፤ ሁለት ጫፍ በእጃችሁ ይቀራል።

3. የትኛው ጫፍ ከማብሪያው እንደመጣ ለይታችሁ እወቁ። መልቲሜትሩን ወደ መጮሂያው አዙሩ፣ አንዱን ሹል ቋሚው ፌዝ መገጣጠሚያ ላይ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ አድርጉ። ማብሪያው ሲጫን የሚጮህ፣ ሲጠፋ ዝም የሚል ከሆነ ተመላሹ እሱ ነው። ናስትሮ ጠምጥማችሁ ምልክት አድርጉበት።

4. ሽቦውን 12 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ሦስት ቦታ ቁረጡ፤ ጫፋቸውን 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ላጡ። አንዱ ከቋሚው ፌዝ ወደ «ኤል» ይገባል። ሁለተኛው ከዚያው ፌዝ ወደ «አይ»። ሦስተኛው ከኒውትራሉ ወደ «ኤን»።

5. የማብሪያውን ተመላሽ ወደ «ኤስ ደብሊው»፣ የአምፖሉን ሽቦ ወደ «ኦ» አስገቡ። እያንዳንዱን አጥብቃችሁ ሳቡት፤ የሚንቀሳቀስ ሽቦ ካለ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩት።

6. የተራቆተ ሽቦ አለመታየቱን አይታችሁ ቦክሱን ክደኑ፣ አምፖሉን መልሱ፣ ከዚያ ብሬከሩን አብሩ። ስልክ ሳትነኩ መጀመሪያ በማብሪያው ሞክሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሞጁል የሚቃጠልበት ነገር አለ። ሶኖፍ ሚኒን በመሰሉት «ኤስ1» እና «ኤስ2» የሚባሉት መግቢያዎች ኃይል አይቀበሉም። ሁለቱንም የማብሪያ ሽቦዎች ከፌዝ አላቅቃችሁ ለእነሱ ብቻ ነው የምትሰጧቸው፤ ፌዝ ከነካቸው ሞጁሉ በዚያችው ቅጽበት ያልቅለታል። ስለዚህ ከአንዱ ሞጁል ወደ ሌላው ስትሄዱ የቀድሞውን አሠራር በቃል አትድገሙት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ተከተሉ።

ኒውትራል ቸገረን ብሎ ኧርዝን በኒውትራል ቦታ ማሰር ፈጽሞ አይደረግም፤ ኧርዙ የሆነ ቦታ ሲበጠስ የፍሪጁና የምድጃው ብረት ይይዛል። ከሌላ ብሬከር መስመር ኒውትራል መዋስም እንዲሁ ነው፤ አንዱን ብሬከር አጥፍቶ የሚሠራ ሰው በሌላው ይያዛል።

ቦታውንም አስቡበት። እነዚህ ሞጁሎች በአብዛኛው የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላለ ሙቀት ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ከቆርቆሮ ሥር ያለ የኮርኒስ ሆድ ከዚያ በላይ ይግላል። ሪሌውን ቆርቆሮው ሥር አትወርውሩት፣ ግድግዳ ላይ ባለ ቦክስ ውስጥ አድርጉት። ለግቢ በር ፓውዛም ሪሌውን በሩ ጋ አትውሰዱ፤ ዝናቡ ሞጁሉን ያበላሸዋል፣ የቆርቆሮ አጥሩም ዋይፋዩን ያዳክመዋል። የፓውዛው መስመር ከቤት የሚነሣበት ቦታ ላይ ግጠሙት፤ ሽቦው ብቻ ወደ ውጭ ይውጣ።

ደረጃ ላይ ከታችና ከላይ የሚበራ አምፖል ካለ የሁለቱ ማብሪያዎች የመጨረሻ ተመላሽ ነው ወደ «ኤስ ደብሊው» የሚገባው፤ ሌላው አይለወጥም።

በስልክ ሲዘጋጅ

ሞጁሎቹ በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ ነው የሚሠሩ። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝንም በአንድ ስም የሚያሠራጭ ከሆነ ለመገጠሚያው ጊዜ 5ቱን አጥፉት። ቱያና ሶኖፍ የተባሉት የሞጁል ዓይነቶች ለመጀመሪያው ምዝገባ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ሸሊ ግን የራሱን ዋይፋይ ያወጣል፤ ስልካችሁን ከእሱ ጋር አገናኝታችሁ በማሰሻው ላይ 192.168.33.1 ብላችሁ ስትጽፉ ገጹ ይከፈታል፣ ዳታ ባይኖርም ይታዘዛል። ዳታ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስት ነገር ሳታስተካክሉ አትውጡ።

የማብሪያውን ዓይነት በእያንዳንዱ መጫን ሁኔታው በሚቀየርበት ላይ አድርጉ። አለበለዚያ በስልክ ያጠፋችሁትን መብራት በግድግዳው ለማብራት ሁለቴ መጫን ይጠይቃል፤ ቤተሰቡም ተበላሸ ይላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ይሁን የሚለውን ወስኑ። ዝም ካላችሁት አንዳንዱ ሞጁል በርቶ ይነሣል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ መኝታ ቤቱ ቦግ ይላል። ለመኝታ ቤት «ጠፍቶ ይቆይ»፣ ለሳሎን «የነበረበት ይመለስ»፣ ለግቢ ፓውዛ «ይብራ» የሚለው ይስማማል።

የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ አድርጉና ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ከምሽቱ 12:30 ማለት ለሞጁሉ 18:30 ነው፤ ንጋት 11:30 ደግሞ 5:30። 12:30 ብሎ የጻፈ ሰው ፓውዛው በቀትር ሲበራ ያያል። ጎጃም ላይ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመት ውስጥ ብዙ አይርቅም፤ በኅዳር ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ በሐምሌ ወደ 1 ሰዓት ሲጠጋ ነው። ስለዚህ 18:15 ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል።

አብዛኞቹ ሞጁሎች የራሳቸው ባትሪ የላቸውም። መብራት ሲሄድ ሰዓታቸው ይጠፋል፤ ሲመጣ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ነው የሚያገኙት። ኢንተርኔት ከሌለ ሞጁሉ ሰዓቱን አያውቅም፣ ፓውዛውም በሰዓቱ አይበራም። ፓውዛው ሲመሽ እንዲበራ፣ ሲነጋ እንዲጠፋ ብቻ ከፈለጋችሁ ከሦስቱም ፎቶሴል (ብርሃን አይቶ የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) ይሻላል፤ ሰዓትም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። የፓውዛው ብርሃን እንዳያርፍበት ፊቱን ወደ ሌላ አዙሩት፣ አለበለዚያ እያበራ ሲያጠፋ ያድራል።

ሞጁሉን የሚገድለው

በብዛት የሚገድለው ኃይል ሲመለስ የሚመጣው ምትና የክረምት መብረቅ ነው። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራል ሲበጠስ ደግሞ 220 መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ ከብሬከሩ ቀጥሎ የሚገባ የቮልቴጅ መከላከያ አለ፤ ታችኛውን 180፣ ላይኛውን 250፣ መዘግየቱን 180 ሰከንድ አድርጉት። መብራት ሲመጣ ሦስት ደቂቃ ይጠብቅና ሲረጋጋ ያስገባል። ኮንታክትን (ሽቦ ከሽቦ መነካካትን) የሚከላከለው ግን ብሬከሩ ነው፤ ለ1.5 ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር አይለፍ።

ሞጁሉ ከሞተ ቤቱ በጨለማ አያድርም። ብሬከሩን አጥፉ፣ ቦክሱን ክፈቱ፣ ናስትሮ ያለበትን የማብሪያ ተመላሽ ከ«ኤስ ደብሊው»፣ የአምፖሉን ሽቦ ከ«ኦ» አውጡና ሁለቱን በአንድ ሞርሴቶ እሰሩ። «ኤል»፣ «አይ» እና «ኤን» ጋ የነበሩትን ሦስት አጭር ሽቦዎች ከመገጣጠሚያቸው ነቅላችሁ አውጡ። ማብሪያው እንደ ድሮው ያበራል።